የሸማኔው ጉድጓድና ከምድር የሚወጣው ጋዝ

በሽሮ ሜዳ ገበያ ነጠላና ኩታ የሚያነሣ ነጋዴ ድሩን ይመረምራል፤ ማጉን ይዳስሳል፤ የጥለቱን ቀለም ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያል። ሸማው የተሠራበትን ቤት ወለል ግን መለስ ብሎ የሚመለከት ብዙ አይገኝም። ዳሩ ግን ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ያለው ከዚያው ከወለሉ ላይ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ መንደሮች ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። በባህላዊው ዕቃ የሚሠራ ሸማኔ መሬቱን ቆፍሮ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ከጧት እስከ ማታ ይውላል። ወለሉ ሊሾ ያልተደረገ እንደ ሆነ በእርሱና በምድሪቱ መካከል የሚጋርድ ነገር የለም ማለት ነው።

በዐለትና በአፈር ውስጥ በጥቂቱ ከሚገኘው ዩራኒየም፣ እየፈራረሰ ሲሄድ፣ በመጨረሻ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሬዶን ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ እንደ ከሰል ጭስ ዐይን አያስለቅስም። በሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ይበትነዋል፤ በተዘጋ ቤት ግን ይጠራቀማል። ከእርሱ የሚወለዱት ደቂቅ ብናኞች በትንፋሽ ገብተው ሳንባን በጨረር ይጎዳሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከሳንባ ካንሰር ሁሉ እንደየአገሩ ከ3 እስከ 14 በመቶ የሚሆነው በሬዶን ምክንያት ይመጣል፤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይም አደጋው እጅግ ይበረታል።

የእንጦጦ ተራራ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ ትራካይትና ራዮላይት የሚባሉት የድንጋይ ዐይነቶች ይገኙበታል። እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሩ ባዝልት ይልቅ ዩራኒየም ይበዛባቸዋል። ይህ ማለት ግን የጉለሌ ቤት ሁሉ ተመርዟል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስወራ ሰው ቢኖር ገበያውንም ሸማኔውንም ይበድላል። ሸማው ራሱ ምንም አይነካውምና በውጭ አገር ያለው ደንበኛ የሚሠጋበት ምክንያት የለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች እንኳ መጠናቸው ሊለያይ ስለሚችል ነገሩ በግምት አይታወቅም፤ ይለካል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የአንድ ኑክሌር ኀይል ማመንጫ ሠራተኛ በጨረር መቆጣጠሪያው ሲያልፍ ደወሉ ጮኸ። ቢመረመር ጨረሩን ይዞ የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያች ቀን ድረስ ከነቤተሰቡ ያለ ሥጋት ይኖርበት ነበር።

«የእኛ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ነፋስ ይገባዋል» የሚሉ አይጠፉም። ለቀኑ እውነት ነው። በክረምት ሌሊት ግን የእንጦጦ ብርድ የታወቀ ነው፤ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ፣ ልጆች ከጉድጓዱ አጠገብ ይተኛሉ።

መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው። አንደኛው ዐይነት ሦስት ወር ያህል ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ በላቦራቶሪ ይነበባል፤ ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ቁጥሩን ራሱ ያሳያል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤክሬልን እንደ ወሰን ያመለክታል፤ ይህ የማይቻል ቢሆን እንኳ ከ300 እንዳያልፍ ይላል። ከዚያ በላይ የተገኘበት ቤት መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ወለሉን በሲሚንቶ መለሰን፣ ስንጥቁን መድፈን፣ አየር ማስገባት፣ ሲብስም ከወለሉ በታች ቧንቧ ቀብሮ ጋዙን በማራገቢያ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ለሸማኔው ጉድጓድ ግን ግድግዳውንና መሬቱን መለሰን ከሁሉ ይቀድማል።

ወጪውን ሸማኔው ብቻውን ይቻለው ማለት ፍርድ አይደለም። በአንድ ጥለት ላይ ትርፉን የሚካፈለው ነጋዴ ሲሚንቶውን ቢያግዝ ለዘለቄታው የሚጠቀመው ራሱ ነው፤ ሳንባው የታመመ ሸማኔ የበዓል ትእዛዝ አያደርስምና። የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪዎችም ከሚያስገቡት ጭነት ጋር ጥቂት መለኪያዎችን ቢያካትቱ፣ ሸማ ላኪዎች በኅብረት ገዝተው ከቤት ወደ ቤት ሊያዘዋውሯቸው ይችላሉ። በሮች የሚዘጉት በክረምት ስለ ሆነ ዕቃው ከሰኔ በፊት ቢደርስ መልካም ነው።