ያልተሰጠ መድኃኒት «ተሰጥቷል» ተብሎ ሲፈረም

በሳንባ ምች ሆስፒታል የተኛ ሰው ሴፍትሪያክሶን በየ12 ሰዓቱ በደም ሥሩ እንዲሰጠው ታዘዘ እንበል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ራውንድ ሲያደርግ ትኩሳቱ አልበረደም። የመድኃኒት መስጫ ቅጹን ሲያይ ሳጥኖቹ ሁሉ ተፈርመዋል። መድኃኒቱ ተሕዋሱን አላሸነፈውም ብሎ ወደ ሜሮፔነም ወይም ወደ ቫንኮማይሲን ቢሻገር አይፈረድበትም። ነገር ግን የመጀመሪያው ማታ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አልቆ፣ አስታማሚው ከውጭ ገዝቶ እስኪመለስ ነግቶ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ ካኑላው ተዘግቶ እስኪቀየር ሰዓቱ አለፈ። ከአራቱ ዶዞች ሁለቱ ወደ ሕመምተኛው ሰውነት አልገቡም፤ በወረቀቱ ላይ ግን አራቱም ገብተዋል። እንዲህ እየሆነ ለጠናበት ሕመምተኛ ሊቆጠቡ የሚገባቸው ፀረ ተሕዋስያን ያለ ቦታቸው ይወጣሉ፣ ቤተሰብ ውድ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል፣ መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስም ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አጠቃቀም የሚደርስን ከባድና ሊቀር የሚችል ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ የመድኃኒት ስሕተት ዓለምን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም በ2006 ባወጣው ሪፖርት አንድ ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ በአማካይ በቀን አንድ የመድኃኒት ስሕተት እንደሚያጋጥመው ገልጿል። ስሕተት የሚቆጠረውና የሚታረመው ግን ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የመድኃኒት መዝገብ የተሰጠውን መቁጠሩ ብቻ አይበቃም፤ ያልተሰጠውንም ከነምክንያቱ ማሳየት አለበት። ባዶ ሳጥን ያየ ሐኪም «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የውሸት ፊርማ ያየ ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም።

ፊርማው ከእውነቱ የሚርቀው ብዙውን ጊዜ በተንኮል አይደለም። የብዙ ሕመምተኞች ቅጽ በፈረቃ ማብቂያ ላይ አንድ ላይ ሲፈረም፣ የትኛው ዶዝ በየትኛው ሰዓት እንደተሰጠ ማስታወስ ከሰው አቅም በላይ ነው። በእኛ አገር ላይ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። ቅጹ ላይ «2 ሰዓት» የሚል ብቻ ቢጻፍ፣ አንዱ ነርስ የጠዋቱን 2 ሰዓት ይረዳል፤ በአውሮፓውያኑ ሰዓት የለመደ ሌላው ደግሞ የሌሊቱን 8 ሰዓት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ በየ6 ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት አንድ ሙሉ ዶዝ ማለት ነው። ሕመምተኛው ሲገባ የሚሞላው ቅጽም ከእውነት ከመራቅ አያመልጥም። ሳይጠየቅ «ሌላ መድኃኒት አይወስድም» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ዶሉተግራቪር የሚወስድ ከሆነና ለቲቢ ሪፋምፒሲን ከተጀመረለት፣ ዶሉተግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ መሆን እንዳለበት የሚያስታውስ አይኖርም፤ የኤች አይ ቪ ሕክምናው ይደክማል።

ነርሶች ጥቂት ሕመምተኞች ብዙ በሆኑበት ዋርድ ይህን መጠየቅ ግፍ ነው የሚል ይኖራል። ጫናው እውነት ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ነገር ግን «አልተሰጠም፣ መድኃኒት የለም» ብሎ መጻፍ «ተሰጥቷል» ብሎ ከመፈረም የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። ነርሷን የሚከብዳት ከጽሑፉ ይልቅ በኋላ የሚመጣው ግሣጼ ነው። ያልተሰጠ ዶዝ እንደ ግል ጥፋቷ እስከተቆጠረባት ድረስ እውነቱን እንድትጽፍ መምከር ብቻ ከንቱ ነው። ፋርማሲው ባዶ በሆነ ማታ ተጠያቂዋ እርሷ ልትሆን አይገባም።

ኮምፒውተር ሲገባ ችግሩ በራሱ ይቀረፋል የሚለው ተስፋም በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በቦስተን በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ባርኮድ ማንበቢያ የተያያዘበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከሰዓት መዛነፍ ውጭ ያሉ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን በ41 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ትልቅ ውጤት ነው፤ አቅሙ ያለው ሆስፒታል ይግዛው። ይሁን እንጂ በ2008 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት በ5 ሆስፒታሎች ውስጥ ሠራተኞች ባርኮዱን የሚያልፉባቸውን 15 ዓይነት መንገዶች ለይቷል። መሣሪያው ሥራውን ባደናቀፈ ቁጥር ሰው ዙሪያውን ይሄዳል። እውነት መጻፍ የሚያስቀጣበት ቤት በኮምፒውተርም የውሸት ምልክት ያደርጋል።

ከማሽኑ በፊት በርካሽ የሚሠራ ሥራ አለ። በመስጫ ቅጹ ላይ ከፊርማው ጎን የምክንያት ቦታ ይኑር፦ መድኃኒት የለም፣ ካኑላ የለም፣ ሕመምተኛው እምቢ አለ፣ ለምርመራ ወጥቷል። ፊርማው አልጋው አጠገብ ይፈረም። የሰዓቱ አቆጣጠር በቅጹ ራስ ላይ ይታተም። ከውጭ የተገዛ መድኃኒት መቼ እንደደረሰ ይጻፍ። ወር ሲያልቅም እነዚህን ምክንያቶች ደምሮ ለሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ የማቅረብ ኃላፊነት ለክሊኒካል ፋርማሲስቱ ይሰጠው፤ «መድኃኒት የለም» የሚለው ከበዛ መልስ የሚሰጠው የግዥው ክፍል ይሁን።