የኩላሊት ጠጠር ይወረሳልን?

በአገራችን ስለ ውርስ ሲነገር ቶሎ ወደ አሳብ የሚመጣው ቤትና ከብት፤ ገንዘብና ዕቃ ነው። ለዚህ ውርስ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ምስክር ይጠራል፤ አንዲት ጥጃ እንኳ ሳትቈጠር አትቀርም። ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ በደም የሚተላለፈው ውርስ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ከዚህ ዐይነቱ ውርስ አንዱን፤ ይኸውም የኩላሊት ጠጠርን ነው።

ተማሪዎች፤ «አባቴ ጠጠር አለበት፤ እኔንም ይይዘኝ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁ፤ መልሱ «አዎን» ወይም «የለም» ብቻ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያ ጠጠር እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ከሥር እንደሚዘቅጥ ሁሉ፤ በሽንት ውስጥም ካልሲየም፤ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ የተባሉት ነገሮች ሲበዙ ወይም ውሃው ሲያንስ እየረጉ ይጠነክራሉ። በአንጻሩ ሲትሬት የተባለው፤ ሎሚና ብርቱካን ከሚሰጡን ነገሮች አንዱ የሆነው፤ ይህን መርጋት ያግዳል።

ጠጠር ካለበት ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው አደጋው ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የወጣና በአሜሪካ ከ37 ሺህ የሚበልጡ ወንዶችን ለ8 ዓመት የተከታተለ ጥናት፤ በቤተ ሰባቸው ጠጠር የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ 2 ተኩል እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። ነገር ግን ቤተ ሰብ የሚጋራው ደምን ብቻ አይደለም፤ ምድጃንም ይጋራል። ጨው የበዛበትን ወጥ አባትም ልጅም ከአንድ መሶብ ይበሉታል፤ ውሃ መጠጣት ባልተለመደበት ቤት ደግሞ ልማዱም ይወረሳል። ታዲያ ጥፋቱ የደም ነው ወይስ የምድጃ?

ይህን ለመለየት ሊቃውንት መንትዮችን መረመሩ። በ2005 የወጣው ጥናት በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ያገለገሉትን ወንድ መንትዮች የሚመለከት ነበር። አንዱ መንትያ ጠጠር ሲገኝበት፤ ከአንድ እንቁላል የተፈጠረው ወንድሙም ታሞ የተገኘው ከ100 32 ያህል ጊዜ ነው፤ ከሁለት እንቁላል በተፈጠሩት ዘንድ ግን ከ100 17 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ደም የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ቍጥሩን ገልብጠው ይመልከቱት። በደም አንድ ከሆኑት እንኳ ከ100 68 ያህሉ የወንድማቸው ሕመም አላገኛቸውም። ስለዚህ ውርስ ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደለም።

አንዳንዱ ጠጠር ግን ውርስነቱ የጐላ ነው። በ1810 እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ወላስተን ከዚያ በፊት ያልታወቀ የጠጠር ዐይነት ገለጸ፤ ነገሩም ኋላ ሲስቲን ተባለ። በ1908 ደግሞ ሐኪሙ አርቺባልድ ጋሮድ በለንደን ባደረገው ትምህርታዊ ንግግር ይህን ሕመም ከሰው ጋራ አብረው ከሚወለዱት የሰውነት አሠራር ጕድለቶች መካከል ቈጠረው። አብዛኛውን ጊዜ አባትና እናት ጕድለቱን በዘራቸው ተሸክመው ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ከሁለቱም የወረሰ ልጅ ግን ይታመማል፤ ዕድሉም ለእያንዳንዱ ልጅ ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ልጅ ላይ የሲስቲን ጠጠር ሲገኝ፤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ሕመም ሳይሰማቸው ሽንታቸው ሊመረመር ይገባል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅንጣት መገኘቱ ምልክቱ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ ሊትር ሽንት የሚያሟሟው ሲስቲን 250 ሚሊግራም ያህል ስለሆነ፤ በቀን 750 ሚሊግራም የሚወጣው ሰው 3 ሊትር ያህል መሽናት ይኖርበታል።

ለተለመደው ጠጠር ሐኪም የሚያዘው የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ቀን የጧት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፤ የማግሥቱም የጧት ሽንት ጭምር፤ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። በሽንት ውስጥ ካልሲየም መብዛቱ በቤተ ሰብ የሚሄድ መሆኑን ፍሬድሪክ ኮ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1979 በበሽተኞች ዘመዶች ላይ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ካልሲየም የበዛበት ሁሉ ጠጠር አይይዘውም። ይህን ሰምቶ ወተት መተውም ስሕተት ነው፤ በምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋልና። መቀነስ የሚገባው ይልቁን ጨውና የበዛ ሥጋ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ውሃ ነው። በ1996 በወጣ የኢጣልያ ጥናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ሽንታቸው በቀን 2 ሊትር እስኪደርስ ውሃ እንዲጠጡ ከታዘዙት መካከል በ5 ዓመት ውስጥ ጠጠር የተመለሰባቸው ከ100 12 ሲሆኑ፤ እንደ ልማዳቸው ከተተዉት ግን 27 ናቸው። ሐኪም ውሃ እንዲቀንስ ያላዘዘው ሰው ሁሉ ይህን መድኃኒት በቤቱ ያገኘዋል። የጐን ውጋት ከትኵሳት ጋራ ሲመጣ ወይም ሽንት ሲታገድ ግን በውሃ ብቻ መታመን አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ አባትዎን፤ እናትዎን፤ አጎትዎን ይጠይቁ። ጠጠር የወጣለት ዘመድ ካለ የጠጠሩን ዐይነትና የያዘበትን ዕድሜ ጽፈው ያስቀምጡ። ሕመምተኛው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሕመምዎን ከልጆችዎ አይሸሽጉ። ብዙ ሽማግሌ ልጆቹን ላለማስደንገጥ፤ ወይም «የዘራቸው ነው» እንዳይባል ብሎ ይደብቃል። በዚህ መካከል ግን ያልተነገረው ልጅ ኩላሊቱ እስኪጐዳ ድረስ ሳያውቅ ይቈያል። ላሟንና ጥጃዋን ለወራሽ ቈጥሮ የሚያስረክብ አባት፤ ይህንም ቢያስረክብ ለልጁ ከጥጃዋ የሚበልጥ ጥቅም ሰጠው ማለት ነው።