ዕረፍቱ አይከልከል፣ የሚያይ ዓይን ይጨመር



ባለፈው ወር በሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጧቱ የዕረፍት ሰዓት፣ አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ውሃ ቧንቧው ዘንድ ወድቃ ክንዷ መሰበሩን ያልሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ የሆነውንም ሁላችንም እያየነው ነው። የልጅቱ እናት «የጎረቤት ልጅ ገፍትሮ ጣላት» አሉ። የልጁ እናት ደግሞ «ልጄ እዚያ ድርሽ አላለም» አሉ። ስንት ዓመት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ዛሬ በር ለበር እየተያዩ እንደምን አደርሽ አይባባሉም።

ማኅበራችን ሁለቱን ወገኖች እንዲያስታርቁ ሽማግሌዎች ሰይሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ገና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሙ፤ ማን አየ? ልጆቹን ጠየቅን፣ አንዱ ያለውን ሌላው አፈረሰው። መምህራኑን ጠየቅን። የዚያን ዕለት ተረኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ለሥራ ቢሮ ተጠርተው፣ ሌላው በር ላይ ወላጅ እያነጋገሩ ነበር። ዘበኛው የሚጠብቀው በሩን ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሕፃን ሜዳው ላይ ሲሯሯጥ ቧንቧውን የሚያይ አንድም አዋቂ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ገፍትሯት ይሁን ራሷ አዳልጧት ዛሬ እርግጡን የሚናገር የለም። ዕርቁም ተንጠልጥሎ የቀረው በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንደብቅ እንናገር። በመስከረም ወር ትምህርት ቤቱ «በዕረፍት ሰዓት የሚያግዙን ወላጆች ላኩልን» ብሎ ደብዳቤ ጽፎልን ነበር። ደብዳቤው ጽሕፈት ቤታችን ፋይል ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለስብሰባ አልቀረበም፣ በዚህ ሰሌዳም አልተለጠፈም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ ሳይሆን ከዕዳችን ለመውጣት ነው።

ከአደጋው በኋላ አንዳንድ ወላጆች «ዕረፍቱ ይቅር፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ» ሲሉ ሰምተናል። ነገሩ ከድንጋጤ የመጣ መሆኑ ይገባናል፤ ነገር ግን አንደግፈውም። ከጧት ጀምሮ ወንበር ላይ የዋለ ሕፃን ካልሮጠና ካልጮኸ፣ ሰኞ ማክሰኞውን ካልዘለለ፣ ብዩን ካልተጫወተ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት በጆሮው አይገባም። ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ተጣልቶ መታረቅን የሚማረውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጽ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል።

ሌላው ደግሞ «ልምጭ የያዘ ሰው ይቁምላቸው» ይላል። ይኸም አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? ልምጭ የፈራ ልጅ ጠቡን ትቶ አይደለም የሚሄደው፤ ከመፀዳጃው ጀርባ ሄዶ ነው የሚጣላው። ያኔማ ጭራሽ አይታይም።

ታዲያ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኛም ትምህርት ቤት ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ልጆቹ ምሳቸውን እዚያው በልተው ግቢ ውስጥ ይቆያሉ። ይኸ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚጠበቀው ሰዓት ረዘመ፣ ጠባቂው ግን አልጨመረም። ስለሆነም ለተረኝነት የሚወጣ ነዋሪ የሚከተለውን እንዲይዝ እናሳስባለን።

1ኛ/ አይቀመጥ፣ ይዘዋወር። ሁለት ተረኞች አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ወሬ ከያዙ ማንም እንደሌለ ይቆጠራል። አንዱ ቧንቧውንና መፀዳጃውን፣ ሌላው ሜዳውንና የክፍሎቹን ጀርባ ይያዝ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

2ኛ/ ደወል በተደወለ ጊዜ በክፍሎቹ በር ላይ ይገኝ። ግፊያው የሚበረታው ልጆቹ ሲወጡና ሲገቡ ነው።

3ኛ/ ትግልን ከጠብ ይለይ። የሚጫወቱ ልጆች ይሳሳቃሉ፣ ጣይና ወዳቂ ይፈራረቃሉ፣ ሲጨርሱም አብረው ይሄዳሉ። ጠብ ሲሆን ፊት ይጠቁራል፣ ሳቅ ይጠፋል፣ ሌላው ልጅ ከቦ ይቆማል። ሳቁ ሲጠፋ ቶሎ መጠጋት ነው። ብዙ ጊዜ ስማቸውን መጥራት ብቻ ይበቃል።

4ኛ/ ለትንንሾቹ ለብቻቸው ቦታ በኖራ ይሰመርላቸው። ከየቤታችን ገመድ፣ የጨርቅ ኳስ፣ አሮጌ ጎማ እናዋጣ። መጫወቻ ያለው ልጅ ድንጋይ ለመወርወር አይቸኩልም።

5ኛ/ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካስመለሰው፣ ካዞረው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወደ ክፍል አይመለስ፤ ወዲያው ሐኪም ይየው። ተሰብሯል ተብሎ የተጠረጠረ እጅና እግር አይታሽ፣ አይጎተት። ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ያየ ሰውም ያየውን በዕለቱ መዝገብ ላይ ያስፍር። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረን ኖሮ ሽማግሌዎቻችን ዛሬ አይቸገሩም ነበር።

«ደመወዝ የሚከፈለው አስተማሪ እያለ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ኃላፊነቱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ አልካድንም። እኛ ተረኛውን መምህር እናግዛለን እንጂ ቦታቸውን አንወስድም። ከርእሰ መምህሩ ጋር ሳይተዋወቅና ሳይመዘገብ ግቢ የሚገባም አይኖርም። ግን ሦስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ ያስተማረ ሰውም እኮ ውሃ መጠጣት አለበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። 40 ሰው ቢመዘገብ፣ በቀን ሁለት ሁለት ሆነን ብንወጣ፣ ለያንዳንዳችን የሚደርሰን በአራት ሳምንት አንድ ቀን ነው። ጡረተኞች፣ ቤት የምትውሉ እናቶችና አባቶች፣ የማታ ሥራ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይኸ ጥሪ በተለይ ለእናንተ ነው።

የመመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል። ልጅቷ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ትምህርቷን ቀጥላለች። ገፈተራት ከተባለው ልጅ ጋርም ትናንት አብረው ሲመለሱ አይተናቸዋል፤ ቦርሳዋን የያዘላት እሱ ነበር። ልጆቹ ጨርሰውታል፣ የቀረነው አዋቂዎቹ ነን። የሁለቱ እናቶች ስም በዚህ ወረቀት ላይ ቢታይ ለመንደሩ ሁሉ ደስታ ነው። ሌሎቻችንም ሌላ ክንድ እስኪሰበር አንጠብቅ በማለት ጥሪያችንን እናቀርባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት