ኤር ፍራየር ሲገዛ ከካርቶኑ ይልቅ የጀርባው ጽሑፍ ይነበብ

በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ መደብሮች ኤር ፍራየር የሚሸጠው በሊትር ነው። ገዢው ገና ከበሩ ሲገባ "ስንት ሊትር?" ይባላል፤ ደላላውም ሻጩም ስምንቱን ሊትር ከአራቱ አስበልጠው ያሞግሳሉ። ትልቁን መግዛት እንደ ብልህነት በሚቆጠርበት ገበያ ይህ አያስገርምም። ይሁንና በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ለሚኖር ሰው ይህን ዕቃ በሊትር መግዛት ጫማ በክብደቱ እንደ መግዛት ነው።

ዕቃው ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። ፊሊፕስ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለገበያ ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙ አልተለወጠም። ከላይ የሚግል ሪዚስታንስና ማራገቢያ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ቅርጫት፣ በቃ። ትኩሱ አየር በምግቡ ዙሪያ በፍጥነት እየዞረ የላዩን እርጥበት ያደርቅና ያጠብሰዋል። መጥበሻ ከሚባል ይልቅ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ኦቨን ቢባል ይቀርባል።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ለገዢው ወሳኝ ነው። አየሩ በሁሉም በኩል የሚደርሰው ምግቡ ሳይደራረብ ሲዘረጋ ነው። ሳምቡሳው ከተቆለለ የላዩ ሲያርር የሥሩ ጥሬ ይቀራል። ሊትር የሚናገረው ግን ቅርጫቱ እስከ አፉ ቢሞላ የሚይዘውን ነው፤ እስከ አፉ ሞልቶ የሚጠብስ ደግሞ የለም። ስለዚህ መለካት ያለበት የቅርጫቱ ወለል ነው። ወርዱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቅርጫት ወለሉ 254 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቅርጫት 400 ይሆናል። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ የሚይዙት ቦታ እምብዛም ሳይለያይ፣ አንዱ ከሌላው በግማሽ የሚበልጥ ምግብ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ጠባቡና ጥልቁ ግን በሊትር ሲጠራ ትልቅ ይመስላል። ሜትር ይዞ ሱቅ የሚገባ ገዢ ቢሳቅበትም አይከስርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋት ነው። ሁለት ሊትር አካባቢ ያሉት ትንንሾቹ በአብዛኛው ከ800 እስከ 1,000 ዋት፣ አራት ሊትር ገደማ የሆኑት 1,400 ወይም 1,500 ዋት ይወስዳሉ። ሁለት መሳቢያ ያላቸው ትልልቆቹ ከ2,000 ዋት የሚያልፉ ናቸው። 1,500 ዋት በ220 ቮልት ሰባት አምፔር ይጠጋል። ብቻውን አይከብድም። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ከተጨመረ ግን ድምሩ 23 አምፔር ገደማ ይደርሳል። ያን ጊዜ ብሬከሩ መብራቱን ቢያቋርጥ የቤቱ ባለቤት ዕድለኛ ነው፤ ካላቋረጠ የሚግለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በተሰኩበት ቀጭን ዲቫይደር ላይ መሰካትማ ጨርሶ መታሰብ የለበትም።

"እንግዲያው ትንሹን ልግዛ" የሚል ደግሞ አለ። ምሽት ላይ ኃይሉ ወርዶ 180 ቮልት በሚሆንበት ሰፈር 1,500 ዋት የተባለው ወደ 1,000 ዋት ዝቅ ይላል፤ 800 የተባለውም ከ540 አያልፍም። ድንቹ በ20 ደቂቃ ፋንታ 35 ደቂቃ ቢቆይ ምክንያቱ ይኸው ነው። ገዢው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ወደ ሱቁ ይመልሰዋል፤ ሻጩ በቀን ሰክቶ "ደህና ነው" ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ወጥ ቤት የሚበጀው መካከለኛው፣ ማለትም ሦስት ተኩል ወይም አራት ሊትር የሚይዝ፣ ወለሉ ሰፊ የሆነና 1,500 ዋት የማያልፈው ነው። በ20 ደቂቃ ቢበዛ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በመወሰኑ፣ ይህም ሂሳብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ በስጦታ የሚመጣው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኤር ፍራየር እዚያ አገር በሚሠራበት 120 ቮልት የተሠራ ነው። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ለ1,500 ዋት የታሰበው 5,000 ይጠጋል፤ ጭሱም ወዲያው ይታያል። ትራንስፎርመር ይገዛለት ቢባል ቢያንስ የ2,000 ዋት መሆን አለበት፤ እርሱ ደግሞ ከባድ ብረት ነው። ለጠባብ ወጥ ቤት የተላከ ዕቃ ሌላ ቦታ ያዥ አስከትሎ መጣ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ደላላው "የአሜሪካ ኦሪጅናል" ቢለውም፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አለመግዛቱ ይሻላል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ይስማማል፤ ችግሩ ስፒናው ነው። ሦስት ጠፍጣፋ እግሩን ከክብ ቀዳዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኘው ርካሽ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ የመሬት መስመሩን አያገናኝም፤ ሰባት አምፔር ሲያልፍበትም ይቀልጣል። ስፒናውን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስቀየር ብዙ አያስወጣም።

ቦታ ሲለካ ከኋላ ያለው የትኩስ አየር መውጫ አይረሳ። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ከቁም ሳጥን ሥር አስጠግቶ መሥራት ሳጥኑን ያበላሻል። በጣት ከሚነካው መስታወት ይልቅ በእጅ የሚጠመዘዘው ይመረጥ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚነካው ብዙውን ጊዜ የተሞላለትን ረስቶ ይጠብቃል፤ ሲበላሽም ቦርዱ በቀላሉ አይገኝም። ለሱቅ ግን የሚነካው ያምራል።

"ያለ ዘይት መጥበሻ" የሚለው ስያሜም ልክ ሊበጅለት ይገባል። ሳምቡሳ፣ ድንች፣ ዓሣና የተቆራረጠ ዶሮ ጥቂት ዘይት ተቀብተው ያምርባቸዋል፤ ያደረ ዳቦም ይታደሳል። ሽሮና ወጥ የእርሱ ሥራ አይደሉም፤ ሊጥ ከዘይት ውስጥ የሚጠበስባቸው እንደ ቦንቦሊኖ ያሉትም ያንኑ መልክ አያገኙም። ሰባት ሰው የሚበላበት ቤት ሦስት ዙር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። በሳምንት አንዴ የሚጠብስ ቤትም የዘይት ቁጠባው ዋጋውን ይመልሳል ብሎ አይጠብቅ።

ነጋዴውን የሚነካው ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ዋጋ የመጣ አንድ ዕቃ ተመላሽ ሲሆን የሚበላው የብዙዎቹን ትርፍ ነው። ገዢው ፊት ካርቶኑን ከፍቶ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ቮልትና ዋት አስነብቦ፣ አምስት ደቂቃ ሰክቶ የሚሸጥ ነጋዴ ጊዜው የባከነ ቢመስለውም ተመላሽ ይቀንስለታል። ዕቃ ሲያዝም ትርፍ ቅርጫት አብሮ ይታዘዝ። የቅርጫቱ ቅብ በብረት ሽቦ ከታጠበ በወራት ውስጥ ይላጣል፤ መለዋወጫው ገበያ ላይ ከሌለም ሪዚስታንሱና ማራገቢያው ገና ደህና እያሉ ዕቃው ይጣላል።