ሞክሼ ፓርቲዎች

ባለፈው ወር እዚሁ ሲያትል፣ ከሬኒየር ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ ሌላው ከወዲያ ጥግ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ሟቹ የሁለቱም ጓደኛ ነበሩ። አጠገቤ የነበሩትን እትዬን ብጠይቃቸው፣ «ሁለቱም ኢሕአፓ ናቸው፤ አንደኛው ግን ዴሞክራሲያዊው ነው» አሉኝ። «ታዲያ ሌላኛው ምንድን ነው?» ብል ሳቁብኝ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ኢሕአፓ በስደት ሲሰነጠቅ ሁለቱም ወገን ስሙን አልለቀቀም፤ አንደኛው «ዴሞክራሲያዊ» የምትል ቅጥያ ጨመረበት እንጂ። በዚያ ስም ስንት ወጣት አለቀ! ስሙን የለቀቀ ሰው ሙታኑንም የለቀቀ ይመስለዋል። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው።

መኢሶን በ1960፣ ኢሕአፓ በ1964፣ ሁለቱም አውሮፓ ላይ፣ ሁለቱም ማርክስንና ሌኒንን ይዘው ተመሠረቱ። እዚህ አሜሪካም የተማሪው ማኅበር በ1963 ሎስ አንጀለስ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። አገር ቤት ሲገቡ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፣ ኢሕአፓ ተቃወመ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቻችን ያውቁታል፣ ለእኛ ግን አይነግሩንም። በ1969 አምስት ድርጅቶች ኢማሌድህ ብለው ተሰባሰቡ፤ መኢሶን በዚያው ዓመት ጥሎ ወጣ። በ1973 ደግሞ ከኢሕአፓ የተለዩት ኢሕዴንን መሠረቱ፣ እሱም በ1986 ብአዴን ተባለ። (እኔ ራሴ እነዚህን ምህጻረ ቃላት ለመለየት ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረብኝ።)

ታዲያ በ1995 ዋሽንግተን ላይ «ኅብረት» ሲቋቋም ኢሕአፓና መኢሶን አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ደም የተቃቡት ማለት ነው! ከባላንጣ ጋር መቀመጥ ከተቻለ፣ ከሞክሼ ጋር መቀመጥ ለምን አቃተ? መልሱ፣ በእኔ ግምት፣ ከባላንጣ ጋር የሚጋሩት ማኅተም ስለሌለ ነው። ከሞክሼ ጋር ግን «እውነተኛው ማነው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይቀመጣል።

ጋሼዎች፣ ታረቁ ብዬ ልለምናችሁ አልመጣሁም። ለምን እንደተለያያችሁ ግን ንገሩን፤ በየግላችሁም ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ፣ መቅረጫም አለኝ። ያን ቀን የቀበርናቸው ሰው ሁለታችሁንም ያውቁ ነበር፤ እሳቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።