አሮጌ ናት፤ እና ምን ይጠበስ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። መኪናዬ አትሸጥም። ለደላላ አትሰጥም፣ ለሠርግ ቪዲዮ አትከራይም፣ ለቆራሌው በኪሎ አትመዘንም። በየመኪና ማቆሚያው "እህት፣ ይቺን ስንት ትያለሽ?" ለሚለኝ ሁሉ በቃል ስመልስ ከርሜ ሰልችቶኛል። ከእንግዲህ "ጽፌዋለሁ፣ አንብብ" ልል ነው።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ፔጆ 504 ስቴሽን ናት። ፈረንሳዮቹ "ብሬክ" ይሏታል (ፍሬን የላትም ማለት አይደለም፣ ኧረ አላት!)። ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ስለሆነ ከእኔ በ23 ዓመት ትበልጣለች፤ "አንቺ" የምላት በድፍረት ነው። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ80 ሲሆን በዘንድሮዋ አዲስ አበባ ለሷ ማቆሚያ መፈለግ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደመጠበቅ ያለ ነገር ነው። የፊት መብራቶቿ ጥጋቸው ወደ ላይ የተሳበ፣ የተኳለ ዓይን የሚመስሉ ናቸው። ከኋላ ጣሪያዋ ከፍ ይላል፤ ከጎን ሲያዩዋት ልጅ ያዘለች እናት ትመስላለች። ማርሿ ያለው ከመሪው ጎን ነው። ይሄ ከሌባ መከላከያ ሁሉ የበለጠ ነው፤ አንድ ቀን "እኔ ላስጠጋልሽ" ብሎ የገባ የፓርኪንግ ልጅ ማርሹን ከወንበሩ ሥር ሁሉ ሲፈልግ ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ ወጥቷል።

በሷ ሥራ እሄዳለሁ፣ አስቤዛ እገዛለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። የሰፈራችንን ዕድር ድንኳንና ድስት ስንት ጊዜ እንደጫነች ዳኛው ይመስክሩ። በዓመት አንዴ ለፎቶ የምትወጣ ጌጥ አይደለችም። በየቀኑ ነው የምነዳት፤ በየቀኑ!

እንግዲህ ወደ ንዴቴ ልግባ። በየሬዲዮው የሚደውለው፣ በየካፌው የሚተነትነው፣ ቢሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጥርሱን እየጎረጎረ አገር የሚያስተዳድረው ሁሉ አንድ ሐሳብ ይዟል፦ "አሮጌ መኪና በሙሉ ከመንገድ ይውጣ"። በስንት ዓመቱ ይውጣ? አንዱ 20 ይላል፣ አንዱ 15 ይላል። ለምን 15 ሆነ ብትሉት መልስ የለውም። "ከተማው ዘመናዊ እየሆነ ነዋ!" ይላችኋል። እዚህ ከተማ "አሮጌ" የሚለው ቃል የዕድሜ መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የፍርድ ውሳኔ ሆኗል። አሮጌ ከተባልክ ይግባኝ የለህም።

ዓምና ለቦሎ ምርመራ አንድ ቦታ ሄድኩ (ስሙ ይቆየን)። ባለሙያው ኮፈኗን ሳይከፍት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ሳያይ፣ "ይቺማ ሙዚየም ነው መግባት ያለባት" አለ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔም ለትህትና ያህል ሳቅኩ። ከዚያ መመርመሪያው ላይ ወጣች። ፍሬኗ አለፈ። መብራቷ አለፈ። ከኔ በፊት የወጣችው፣ ዕድሜዋ የኔዋን ሩብ የማይሞላ የምታብረቀርቅ መኪና ደግሞ በፍሬን ወድቃ ነበር። በእሷ ማንም አልሳቀም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ማሽኑ እያለ ለምን በሊብሬ ትፈርዳላችሁ? ፍሬን ይለካል፣ ጎማ ይታያል፣ መሪ ይፈተሻል፣ ጭስ በመሣሪያ ይመዘናል። የ50 ዓመት መኪና ከወደቀች ትውደቅ፤ ታርጋዋን ራሴ ፈትቼ አስረክባለሁ። የ6 ዓመቱ ከወደቀም ይውደቅ። በፍሬን እጦት የሚገጭ ሰው መኪናው የተመረተበትን ዓመት ጠይቆ አይገጭም።

"አየሩስ?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። የኔዋ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የላትም። ካርቡሬተር ነው ያላት፤ ካርቡሬተር ደግሞ ካልተስተካከለ ነዳጅ ያባክናል፣ ያጨሳል። ከአንድ አዲስ የቤንዚን መኪና ጋር ጎን ለጎን ብትቆም የሚወጣት ጭስ የከፋ ነው። ኤርባግም የላትም። ከተማ ውስጥ ለመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ደግሞ እያንዳንዷ ሊትር ከኪሴ እንደወጣች ቆጥሬያታለሁ። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እኔ በቀን የምነዳው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጥቁር ጭስ እየተፋ ዳገቱን የሚወጣው ስንት ነገር እያለ፣ ተስተካክላ ተመርምራ የምትሄደዋን ጣት መቀሰር ለአየሩ ማሰብ አይመስለኝም። ደግሞስ አዲስ መኪና ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? ብረቱ ይቀልጣል፣ ባትሪው ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፣ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል። ያ ሁሉ ጭስ አለው፤ እዚህ ስላልጨሰ ብቻ አይታየንም። የኔዋ ይሄን ዕዳዋን ገና ድሮ፣ አባቴ ልጅ እያለ ከፍላ ጨርሳለች።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ካነሳን ላይቀር እንነጋገር። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲከብድ አድርጎ ነበር። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ መብራቱን ደግሞ ከውኃ ለሚያገኝ አገር፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴን ላስመረቀ አገር፣ ኤሌክትሪክ መኪና ማሰቡ ትክክል ነው። አልቃወምም። ግን ልብ በሉ፤ ክልከላው ከወደብ ስለሚገባው ነው። ቤታችን ስላለው ምንም አላለም። "ያለውንም እንጣለው" የሚለውን ከራሳችሁ ጨምራችሁ ነው።

"አንቺስ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዢም?" ትለኛለች አንዷ ጓደኛዬ። በጋዜጠኛ ደሞዝ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ እኔ የውጭ ዕቃ ዋጋ የምጠይቀው ለመሳቅ ስፈልግ ነው። መኪናዬን ብትወስዱብኝ አዲስ መኪና ውስጥ አልገባም፤ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነው የምገባው። ጓደኛዬ ራሷ ኤሌክትሪክ አላት፤ ቆንጆ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ስክሪኗ ግን እስካሁን በቻይንኛ ነው የሚያወራት። የጎን መስታወቷ በሞተር ሳይክል ተገጭቶ ሲሰበር ምትኩ እስኪመጣ ሦስት ወር ጠበቀች። የኔዋ ሲሰበር መስታወት ቆራጭ ጋ ሰጥቼ፣ ፊት ለፊቱ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተገጥሞ ጠበቀኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናዋን የምወዳት አሮጌ ስለሆነች አይደለም፣ ስለምትጠገን ነው። መካኒኬ ስልሳዎቹን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ብሎን አቀባይ ሆነው ነው የጀመሩት። ሞተሯን በጆሯቸው ነው የሚመረምሩት፤ "ዝም በይ የኔ ልጅ" ይሉኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ "ሁለተኛው ካንዴላ" ይላሉ። ሁለተኛው ካንዴላ ይሆናል። ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ባለፈው ዓመት የተበላ ቡሽ ከከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ቀርጸው ሠርተውልኛል፤ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። (በነገራችን ላይ፣ መኪናዋ ፈረንሳይ፣ ጠጋኟ አበሻ፣ የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ያላወቅሁትን ያህል የውጭ ቃል እዚያ ዘይት የጠጣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተምሬያለሁ።)

የጋራዡ ቦታ በ2016 ዓ.ም. ለልማት ተነሳና አሁን ከከተማው ዳር ናቸው። የሚያሠለጥኑት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ስልክ ጥገና ይሻላል ብሎ ሄደ። አልፈርድበትም። ሁሉም ሰው "ይሄ ነገር ነገ ይታገዳል" እያለ የሚያወራበትን ሙያ ማን ይማራል? ያን ቀን መጣል ያለበት መኪናው ብቻ አይሆንም፤ አርባ ዓመት የተጠራቀመ ጆሮም አብሮ ይጣላል። ነገ የኤሌክትሪኩን ሞተር የሚፈታልንም ከዚሁ እጅ የሚወለድ ልጅ ነበር።

ሌላው የሚገርመኝ "የፈረንጅ ውራጅ" የሚሏት ናቸው። ስለ 504 ምን ያህል ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1969 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ናይጄሪያ ካዱና ላይ በ1975 የተከፈተው ፋብሪካ ይገጣጥማት ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ በ1975 እና በ1978 ያሸነፈችው 504 ናት። ቀደም ሲልም ታላቋ 404 በ1963፣ ከ1966 እስከ 1968 ደግሞ በተከታታይ አሸንፋዋለች። ውድድሩ ጭቃና ድንጋይ ነው፤ ማለትም የኛ ሰፈር መንገድ ነው። ስቴሽኗ ደግሞ የራሷ ብልሃት አላት። ከኋላ እንደ ጭነት መኪና ባልስትራ አልተደረገላትም፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ ነው ያላት። ስለዚህ የዕድር ድስት ጭናም ቢሆን ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ጨዋታ አታቋርጥም። የአዲሶቹን ጂፖች ስሳፈር እያንዳንዷን ድንጋይ በአከርካሪዬ ነው የምቆጥረው።

ሐረር የኖረ ሰው ደግሞ ማስረጃ አያስፈልገውም። 404 እዚያ ለአስርት ዓመታት የከተማው ታክሲ ነበረች። ጁገል ውስጥ ግን "መኪና ግርግር" የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከፔጆ አይደለም፣ ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ጎብኚ ሁሉ ይሳሳትበታል። የኔዋም የመጣችው ከዚያው አቅጣጫ ነው። አያቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፈረንሳዮቹ ሐዲድ ጋር አብራ የተወለደች ከተማ አይደለች? ፔጆ እዚያ ባዕድ አልነበረችም። አባባ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ገዟት፤ ስምንት ልጅ አሳደጉባት። ወንበሩ ስንት ሰው ይይዛል ብላችሁ ብትጠይቋቸው "እስኪዘጋ ድረስ" ነበር መልሳቸው።

ለወንዶች አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መለዋወጫ ስገዛ "ማን ነው የላከሽ?" አትበሉኝ። ማንም አልላከኝም። ጓርኒሲዮን ስጠይቅ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ ጠይቁኝ፤ ባለ 1796 ሲሲው ነው። ትራፊክ መብራት ላይ መስኮት አስወርዳችሁ "የአባትሽ ናት?" የምትሉም፣ ሊብሬው በኔ ስም ነው። ባለፈው ወር አንዱ ከጎኔ ቆሞ "ይቺ መንገድ ላይ ብትቆምብሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እኔ ሄድኩ፣ የሱ አልነሳም አለች። ወርጄ በገመድ ጎተትኩለት። ይሄን የምናገረው ለጉራ ነው፤ አዎ።

ለባለሥልጣናቱ የምለውን ብያለሁ፦ ለኩን። በየስድስት ወሩም ቢሆን ጥሩን፣ እንመጣለን። ለባለ አሮጌ መኪኖች ደግሞ፣ ቮልስ ያላችሁ፣ ላዳ ያላችሁ፣ ፔጆ ያላችሁ፣ ካርቡሬተራችሁን አስተካክሉ፤ እናንተ ባጨሳችሁ ቁጥር እኔ ነኝ የምሰደበው።

እና ደግሞ የ504 ስቴሽን የኋላ በር ዙሪያ ላስቲክ ያለው ሰው ካለ፣ ወይም ያለው ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ድሬም ሐረርም ቢሆን እመጣለሁ። ክረምት ሳይገባ ነው። ባለፈው ሐምሌ የኋላው ወንበር ላይ ጃንጥላ ዘርግተን ነው የሄድነው።