ኬላ የሚጠብቀው ጠርሙስ

ለመሆኑ አሜሪካ አንድ ገበያ ናት ወይስ ሃምሳ?

እ.ኤ.አ. በ1933 የጸደቀው 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጠጥ ክልከላውን ሽሮ የቁጥጥሩን ሥልጣን ለየግዛቶቹ አስረከበ። ከዚያም አምራች ለአከፋፋይ፣ አከፋፋይ ለቸርቻሪ የሚሸጥበት ሥርዓት ተተከለ። ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ የሚያመርተውን ወይን ጠማቂ ግን ትልቁ አከፋፋይ ዞር ብሎም አያየው፤ ተስፋው በቀጥታ ለደንበኛው መላክ ነው።

በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግራንሆልምና ሂልድ ክርክር፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሚሺጋንና ኒውዮርክ ለራሳቸው አምራቾች የፈቀዱትን ለሌላው መንፈጋቸውን ኮነነ። ድሉ ግን ጎደሎ ነበር፤ ፍርዱ አድልዎን እንጂ ክልከላን አልሻረምና። የፈቀዱትም ግዛቶች የየራሳቸውን ፈቃድ፣ ክፍያና የግብር ሪፖርት ይጠይቃሉ። ለትልቁ ኩባንያ ይህ የአንድ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ለትንሹ ግን የመከር ወራት ያህል ድካም።

«ለልጆች ደኅንነት ነው» ይሉናል። ዕቃ አድራሹ የአዋቂ ፊርማ እንዲቀበል ግዴታ ካለበት፣ ከአከፋፋዩ ኪስ በቀር የሚጠበቀው ምንድን ነው? የማር ጠጅም በፌደራል ሕግ ከወይን ተራ ይመደባልና፣ በዚያ አገር ጠጅ የሚጥል ወገናችን ይህ ሸክም የፈረንጅ ብቻ ነው አይበል።

አንድ ፈቃድና አንድ ሪፖርት ይበቃል። የተረፈው ኬላ እንጂ ሕግ አይደለም።